ታጥቦ የተመለሰው ፍላሽ

ሰው ሁሉ «ይኼ ጥሩ ነው» ያለውን ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። ጫማ ስገዛ ገበያተኛ የሚጋፋበትን ሱቅ አልፌ ባለቤቱ ዝንብ የሚያባርርበት ሱቅ እገባለሁ። ብዙ ሰው የተስማማበት ነገር ያጠራጥረኛል። በዚህ ጠባዬ የተነሣ እግሬ ከዓመት ዓመት እንደቆሰለ ነው፤ አቋሜ ግን አንድም ቀን አልቆሰለም። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የማወጋህ ይኸው አቋሜ በልጄ ዓመት ላይ ምን እንዳደረሰ ነው። ሳቅህ ከመጣ ሳቅ። እኔን ግን ስጽፈው አላሳቀኝም።

ልጄ ምሕረት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የምታጠናው እርሻ ነው። ለመመረቂያዋ የመረጠችው ርእስ ገብስ ነበር። ሌላው ተማሪ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ የሰው ጥናት ሲገለብጥ፣ እሷ ከዳባት በላይ ባለው ደጋ ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት እየዞረች፣ የገብሱን ዓይነት በስልኳ ፎቶ ስታነሣ፣ የሽማግሌውን ንግግር ስትቀዳ ከረመች። ጥቁሩ ገብስ፣ ነጩ ገብስ፣ ሌላም ስሙን የተከለው ገበሬ ብቻ የሚያውቀው ገብስ፣ ሁሉንም ይዛ ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ አትበለኝ። በዚህ ዘመን መንገድ መከፈቱ ነው ምክንያት የሚጠየቅለት። ስለዚህ በልጅቱ ስልክ ውስጥ ያለው ገብስ ዳግመኛ የማይታጨድ ገብስ ነበር።

«አባዬ፣ ስልኬ ሞልቷል። የገብሱን ፋይል የማስቀምጥበት ሐርድ ዲስክ ያስፈልገኛል» አለችኝ።

አባት እንዲህ ሲባል ሄዶ ይገዛል። እኔ ግን ማንበብ ጀመርሁ።

ሰው ጽሑፉን በምን በምን ሲያስቀምጥ እንደኖረ አነበብሁ። ሸክላ ላይ የጻፉት ሰዎች ጽሑፋቸው ከነስሕተቱ እስከ ዛሬ አለ፤ የዕዳቸው ልክ ሳይቀር ይታወቃል። ከዚያ ወደ እኛው ብራና ተሻገርሁ። የእኛ ሊቃውንት መጽሐፋቸውን በሁለት የእንጨት ገበታ መሐል ጠርዘው፣ በቆዳ ማኅደር ከተው፣ በትከሻቸው አንግተው ወንዝ ይሻገሩበት ነበር። መብራት ቢጠፋ ይነበባል። ቢወድቅ ይነሣል። ፍየል ደግሞ ቫይረስ አይዛትም። ይህን ሁሉ ለቤተሰቤ በእራት ሰዓት አብራራሁ።

ባለቤቴ ጎርሳ እስክትጨርስ ጠበቀችና፣ «እና ልጅቱ መመረቂያዋን በፍየል ቆዳ ትጻፍ?» አለችኝ።

«አላልሁም። መርሑን ነው ያልሁት።»

«መርሑን ለፍየሉ ንገረው። ሐርድ ዲስኩን ግዛላት።»

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል ያለኝም ሰው ነበር። የእኛ ኢንተርኔት እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፤ ብቅ ሲል ሰው ልብሱን አስጥቶ ሳይጨርስ ይጠፋል። እዚያ ላይ የልጄን ዓመት አላሰጣም አልሁ። በሕይወቴ ትክክል ከሆንሁባቸው ጥቂት ጉዳዮች አንዱ ይኼ ነው፤ ስለዚህ ምንም አልጠቀመኝም።

በመጨረሻ አራዳ ገበያ ወጣሁ። ሰይድ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ አለ። አያቱ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፣ አባቱ ራዲዮ፣ እሱ ፍላሽና ቻርጀር ይሸጣል። የዚህ ቤተሰብ ደንበኛ ሆኜ ነው ያደግሁት፤ ከሦስቱም ትውልድ ጋር ተከራክሬያለሁ።

«ሰይድ፣ ሐርድ ዲስክ እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ። ተማሪ ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው።»

ይህን ባይጨምር ኖሮ እገዛው ነበር።

«ሲወድቅስ?»

«ምን ቆርጦት ይወድቃል ጋሼ?»

«ባጃጅ ውስጥ። ኮብልስቶን ላይ። ከልጅ ቦርሳ።»

«እሱማ ከወደቀ ሊሞት ይችላል። እንግዲያው ፍላሽ ይውሰዱላት። ሁለት ይውሰዱና አንዱ ላይ ያስቀመጠችውን ሌላውም ላይ ትገልብጠው።»

ነጋዴ «ሁለት» ሲል ጆሮዬ «አንድ» ብሎ ይተረጉማል። «ስማ ሰይድ» አልሁት፣ «ሁለት ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰው የመጀመሪያውን ያላመነው ነው። የማይታመን ዕቃ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?»

«አይ ጋሼ! ዕቃዬን አምነዋለሁ። አንዱ ቢጠፋ ብዬ ነው።»

«የሚጠፋ ሰው እጅ አይገባም።»

ከመደርደሪያው ጥግ ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ርካሽ ፍላሽ አየሁ። «ይኼኛውስ?»

«እሱ ውሸታም ነው» አለ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላዩ ላይ ባሕር ይላል፣ ሲጭኑበት በጭልፋ ይታነቃል።»

«ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ጋሼ፣ ውሸታምም ገዢ አለው።»

ደስ አለኝ። እንዲህ የሚናገር ነጋዴ ሲያጋጥመኝ እጄ ይፈታል። በመጨረሻ ከብረት የተሠራ፣ ሽፋን የሌለው፣ ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ቀዳዳ ያለው ድብልብል ያለ ፍላሽ መረጥሁ። የመረጥሁትም በክብደቱ ነው። ቅቤ እንደሚገዛ ሰው አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ መዳፌ ይዤ ስመዝን ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ተያዩ። ከባድ ነገር ይዘልቃል ብዬ አመንሁ። ይህን እምነት ከየት መጽሐፍ እንዳገኘሁት ዛሬም አላውቅም።

ምሕረት ፍላሹን ስታይ ፊቷ ትንሽ ወደቀ። ሆኖም አመሰገነችኝ፤ ጨዋ ልጅ ናት። ላፕቶፕ ስለሌላት የጓደኛዋን ተውሳ የስልኳን ፎቶና ድምፅ ሁሉ ወደ ፍላሹ አዛወረች፤ ስልኳንም ለሌላ ሥራ ባዶ አደረገችው። በጓደኛዋ ላፕቶፕ ላይም አንድ ቅጂ ላስቀምጥ ስትል ከለከልኋት። የሰው ቤት ውስጥ ገብስ አይከመርም አልኋት። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይም እንዳትሰኪው አልኋት፤ የዚያ ቤት ኮምፒውተር እንደ ጠበል ቤት መጥመቂያ ነው፣ የማንኛውም ሰው በሽታ ያርፍበታል። ሲሆን ሲሆን ደግሞ ፍላሹ ቤት ይደር፤ እኔ እጠብቀዋለሁ አልሁ።

እኔ የምጠብቀው ከሆነ እንግዲህ በሥርዓቱ ነው። የቤቱ ካርታና የጋብቻችን ወረቀት ያሉበት ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ምሕረት ሲያስፈልጋት ትጠይቀኛለች፣ ከፍቼ አወጣለሁ፣ ስትመልስ እቆልፋለሁ።

«ዕቃ ግምጃ ቤት ሆነሃል እንግዲህ» አለች ባለቤቴ። «ማኅተም ነው የቀረህ።»

ማኅተም ባይኖረኝም አፍ ነበረኝ። የቁስቋም ሰፈር ሰው ያንን ፍላሽ ሳያየው አወቀው። እድር ላይ አወራሁ። ከቅዳሴ ስንወጣ አወራሁ። ስንት እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደመረጥሁት፣ ሰይድ ሁለት ሊሸጥልኝ ሲል እንዴት እንደመለስሁት። አባት ልጁን ሲድር እንኳ ሙሽራውን እንደዚያ አያሞካሽም። ከሰሚዎቼ አንዷ የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከዳባት አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚህ ያረጁ ሴት ናቸው። ሰው ቤት ባዶ እጃቸውን ገብተው አያውቁም። ወንፊት ቢዋሱ ወንፊቱን አጥበው፣ ውስጡ ቆሎ አድርገው ይመልሳሉ። ድስት ከወሰዱ ድስቱ ሲመለስ ፊታችንን ያሳየናል፣ ውስጡም ወጥ አለበት። እኛም ቤት አንዳንድ ዕቃ ሆነ ብለን የምናውሳቸው ጊዜ ነበር፤ ለመታጠቡ ስንል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ምሕረት ትምህርት ቤት ነበረች።

«ወንድምዓለም፣ የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሷል» አሉኝ። «ልጄ የላከልኝ ድምፅ ማጉያ አለ አይደል፣ የመዝሙሩ ፍላሽ ተቃጠለብኝ። ያ የምታወራለት ሸጋ ፍላሽ ትንሽ ቦታ ይኖረው ይሆን?»

አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄውን ልብ በልልኝ። «አውሰኝ» ቢሉኝ ምናልባት ልጅቱ ትዝ ትለኝ ነበር። «ቦታ ይኖረዋል ወይ» አሉኝ! እኔ የመረጥሁትን ዕቃ! «ምን ትንሽ ይሉታል እትዬ! የአርባ አራቱ ታቦት መዝሙር ቢገባበት ጥጉ አይሞላም» ብዬ ተነሥቼ ሣጥኑን ከፈትሁ። የማይዋስ ነገርም አልመሰለኝም። መጽሐፍ ሰው ቢያነብበት ፊደሉ ያልቃል? ከገብሱ ጎን መዝሙር ቢቀመጥ ገብሱን ምን ይነካዋል? ደግሞስ ጎረቤት ለማኅበር ዕቃ ተጠይቆ ሲከለክል የት ታይቷል?

ማኅበሩ በሰላም አለፈ። መዝሙሩም ከአጥር ማዶ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ የመረጥሁት ፍላሽ ነው እያልሁ አዳመጥሁ። በማግስቱ እትዬ ጥሩወርቅ ፍላሹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከድፎ ዳቦ ጋር አመጡልኝ።

«ባዶውን አልመለስሁልህም» አሉ ፈገግ ብለው። «አስሞላሁልህ፤ አንድ ጣት አላጎደልሁም። ልጅቱም እየሰማች ታጥና።»

«ምን ሞሉበት?»

«መዝሙር ነዋ! ምን ይሞላል ሌላ?»

ተጨማሪ በረከት ነው ብዬ አመስግኜ ቆለፍሁበት። እኛ ቤት ላፕቶፕ ስለሌለ የሚሰካበት አልነበረም። ዳቦውን በላን። ጥሩ ዳቦ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ከዚያ ምሕረት የሰበሰበችውን መረጃ ለአማካሪ መምህሯ የምታሳይበት ቀን ደረሰ። ፍላሹን ከሣጥኑ አውጥቼ በእጇ ሰጠኋት። «በርቺ» አልኋት። ቀትር ላይ ተመልሳ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ፍላሹን ለማን ሰጠኸው?»

«ለማንም። ማለት ለእትዬ ጥሩወርቅ፣ ለማኅበር…»

«ገብሱ የለም።»

«ጎን ላይ ፈልጊ፤ መዝሙሩ ነው የሸፈነው።»

«አባዬ፣ ጎን የሚባል የለውም። ገብሱ የለም።»

የሆነውን በአጭሩ ነገረችኝ። መምህሩ ፍላሹን ሰክቶ ከፈተው። ከላይ እስከ ታች መዝሙር ነው። «ገብሱ የቱ ውስጥ ነው?» አላት። «እኔ እንጃ» አለችው። ምናልባት ስሙ ተቀይሮ ይሆናል ብሎ አንዱን ሲነካው መዝሙሩ በቢሮው አስተጋባ። ሊያጠፋው ሲጣደፍ ጭራሽ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከጎን ባለው ቢሮ የምትሠራው ጸሐፊ ምን በዓል ነው ብላ ሳትጠይቅ እልልታዋን አቀለጠችው። መምህሩ ቀስ ብሎ አጠፋው።

ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም። እኔ በእልልታው ላይ ከንፈሬ ትንሽ ነቃነቅ ብሎ ነበር። አየችኝ። ያን አስተያየት እስካሁን የማስቀምጥበት ቦታ አላገኘሁለትም።

ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ስሮጥ ነጠላ ጫማዬ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የባለቤቴ ነበር። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ፍላሹ ውስጥ የነበረው ነገር የት ሄደ?»

«የቱ ነገር?»

«ገብሱ!»

«እህ! እሱን አስጠረግሁታ» አሉ፣ ምስጋና በሚጠብቅ ሰው ድምፅ። «መዝሙር የሚጭነው ልጅ ከፈተና "እማማ፣ ውስጡ ዕቃ አለ፤ ይጥፋ?" አለኝ። "ምንድን ነው?" አልሁት። "የገብስ ፎቶ ነው፣ የሽማግሌ ወሬም አለበት" አለኝ። እኔ ገብስ አላውቅ መስሎህ? ገብስ እየረገጥሁ አይደል ያደግሁት! ገብስ ፎቶ ሲነሣ ግን ሰምቼ አላውቅም። የሆነ ልጅ ሲነካካው የገባ ጉድፍ ነው ብዬ፣ "ጥረግልኝ፣ ጥሩ አድርገህ ጥረግና ሙላልኝ" አልሁት።»

«ለምን ያስጠርጉታል? ለምን?»

«ምነው ወንድምዓለም! ዕቃ ተውሼ ከነጉድፉ ልመልስልህ? እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም።»

«እሱ ጉድፍ አይደለም! የምሕረት መመረቂያ ነው!»

ምስሩ ያለበት ሰፌድ ከጭናቸው ተንሸራተተ። ከዚያ ቀና ብለው ያሉኝን ለመስማት ተዘጋጅቼ አልነበረም።

«አንተ ነሃ» አሉኝ። «ዕቃ ስታውስ ውስጡ ያለውን ገልብጠህ አይደል የምትሰጥ? ጠላ እንዳለበት እንስራ የሚያውስ ሰው አለ? ምነው ሳትነግረኝ? አፍህ በሌላ ጊዜ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!»

በአንድ እንስራ ተረታሁ። እኔ! አንድ ጊዜ ከሰበካ ጉባኤ ጋር ሙሉ ቀን ተከራክሬ ያልተረታሁት ሰውዬ።

ሰይድ ዘንድ በረርሁ። የጠፋ ነገር የሚያወጣ ዘዴ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሰይድ ፍላሹን ሰክቶ ብዙ ነካካ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ነካካ።

«ጋሼ፣ የተጠረገ ነገር ይወጣል» አለ። «ተጠርጎ ባዶውን ቢተዉት ኖሮ አወጣልዎ ነበር። ግማሹን ሞልተው ቢሆንም የተወሰነ ይገኛል። ይኼ ግን እስከ አፉ ነው የተሞላው። አንድ ቀዳዳ አልተዉም።»

እዚያው የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ። እንግዲህ የገደለን ልግስና ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ንፉግ ጎረቤት ቢሆኑ፣ ሁለት መዝሙር አስጭነው የቀረውን ባዶ ቢተዉት፣ ልጄ ትመረቅ ነበር። በመጻሕፍት ሁሉ ስለ ንፍገት ክፋት ተጽፏል። እስከ አፉ ስለሚሞላ ደግ ሰው ያስጠነቀቀኝ መጽሐፍ የለም።

ሰይድ «ሁለት» የሚለውን ቃል እንኳ አላነሣም። ቢያነሣ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እከራከረው ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ሌሊቱን ያሰቡበት ይመስለኛል፤ በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ መጥተው ደጃችን ቆሙ። ከእግራቸው ሥር በኩንታል ጆንያ ገብስ አለ።

«ተነሥ፣ አስተማሪዋ ጋ ውሰደኝ» አሉ። «ያጠፋ ይክሳል።»

«እትዬ፣ እኮ የጠፋው እንዲህ ያለ ገብስ አይደለም።»

«አንተ ዝም በል። ባጃጁ ላይ ውጣና ጆንያውን ደግፍ።»

ወጥቼ ደገፍሁ። ምሕረት በመምህሩ ቢሮ በር ላይ አገኘችን። ጆንያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

መምህሩ ዓይኑ የደከመ ወጣት ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ሲገቡ ብድግ አለ።

«ልጄ፣ አስተማሪዋ አንተ ነህ?»

«አዎ እናቴ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የልጅቱን ገብስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ሐቀኛ ናት። ይኸው ተካሁ። የተለቀመ ነው፣ አፈር የለበትም።»

«እናቴ፣ የጠፋው እህሉ አይደለም። የገበሬዎቹ ቃልና የገብሱ ፎቶ ነው።»

«ቃል ከሆነ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ጠይቀኝ። የቱን ዘመዴን እንደምትፈልግ ንገረኝ፤ መንገድ ሲከፈት ሄጄ እጠይቅልሃለሁ።»

መምህሩ ፈገግ አለ። ልቡ የራራ መሰለኝ፤ ዛሬም ይመስለኛል። ወደ ምሕረት ዞር ብሎ፣ «ረቂቅሽን በወረቀት አይቼዋለሁ፤ ሥራው የራስሽ መሆኑን አውቃለሁ» አላት። «ኮሚቴው ቢስማማ፣ መንገድ እስኪከፈት ጥቂት ጊዜ ተሰጥቶሽ፣ ያለውን ይዘሽ ከጓደኞችሽ ጋር እንድትቀርቢ ልለምንልሽ እችላለሁ። ተስፋ አልሰጥሽም፤ እለምናለሁ።»

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። ጆንያው እንኳ ዝም ብሏል።

«ይቅርታ» አልሁ። «ልመና ምን ያስፈልጋል? መሠረታዊ ጥያቄ እናንሣ። አንድ ሰው አይቻለሁ ካለ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ለምንድን ነው? የእኛ ሊቃውንት ቅኔ ሲቆጥሩ በስልክ ተቀድተው ነበር? ይህ በመረጃ ማምለክ ከየት የመጣ ነው?»

«አባዬ» አለች ምሕረት።

«ቆይ ልጄ። እኔ የምለው፣ ኮሚቴው ራሱ የተቋቋመበት አስተሳሰብ…»

«አባዬ፣ በማርያም።»

አልቆምሁም። ብራናው መጣ፣ ሸክላው መጣ፣ ፍየሉም መጣ። ፍየሉ ላይ ስደርስ በሩ ተከፍቶ አንድ ሸበቶ መምህር ገባ፤ ለካ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፣ ከደጅ ሆኖ ሰምቶኛል። «እኚህ ሰው ማን ናቸው? ልጅቱ መረጃ የላትም ማለት ነው? መረጃ አያስፈልግም ነው የሚሉት?» አለ። ወጣቱ መምህር ሊያስረዳ ሞከረ። ሰብሳቢው ጆንያውን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገና፣ «መረጃ የሌለው ሥራ አይቀርብም። ለሚመጣው ዓመት ታዘጋጅ» ብሎ ወጣ። ነገሩ ያለቀው በዚህ ነው። ልመናው ሳይለመን ቀረ።

ጆንያውን ይዘን ተመለስን። በባጃጁ ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅና ምሕረት አንድ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ከፊት ከሾፌሩ ጎን፣ ግማሽ መቀመጫዬ ውጭ ሆኖ። ማንም አላናገረኝም። ሾፌሩ ብቻ «ጋሼ፣ እግርዎን ይሰብስቡ» አለኝ።

የምርቃቱ ቀን ከተማው በጥቁር ጋውን ተሞላ። የልጄ ጓደኞች ቤታችን መጥተው እሷ ነበረች ጋውናቸውን የምታስተካክልላቸው፤ ባርኔጣቸው በፀጉራቸው ላይ እንዳይንሸራተት መርፌ ቁልፍ እየሰካች። አንዷን ስታበቃ ሌላዋን። እናቷ ወጥ ቤት ገብታ ቀረች። እኔ መጽሐፍ ገልጬ ተቀመጥሁ፤ መጽሐፉ የተዘቀዘቀ መሆኑን አንዷ ተመራቂ ነገረችኝ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ምሕረት ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ዳባት ልትሄድ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ «እኔም ልምጣ፣ አግዝሻለሁ» አልኋት።

«አይ አባዬ፣ አንተ እዚሁ ሁን» አለች፣ በጨዋነት። «እማማ ጥሩወርቅ ይመጣሉ።»

አብረው ሄዱ። እትዬ ጥሩወርቅ የዘመዶቻቸውን ቤት አንድ በአንድ አስከፈቱላት። ሽማግሌዎቹ እንደገና አወሩ፣ ገብሱ እንደገና ፎቶ ተነሣ። ከመጀመሪያው ሽማግሌዎች አንዱ፣ አያ ድረስ የሚባሉት፣ ጆሯቸው ደክሞ ጥያቄውን መስማት ስላልቻሉ የእሳቸው ቃል ቀረ። ሌላው ግን ተገኘ። ሲመለሱ ሁለቱም ፀሐይ መትቷቸው፣ አብረው እየሳቁ ከመኪና ወረዱ። እኔ ስቀርብ ሳቁ አለቀ።

«ፋይሉን በምን አስቀመጥሽው?» አልኋት ማታ።

«አስቀምጫለሁ።»

«ማለቴ የት? ሐርድ ዲስክ ገዛሽ? ሣጥኑ እኮ ክፍት ነው…»

«አስቀምጫለሁ አባዬ። ይቅርብህ።»

ቃሉን በቁጣ ብትለው ኖሮ መልስ ነበረኝ። በእርጋታ ነው ያለችው፤ ለታመመ ሰው ጨው ይቅርብህ እንደሚባለው።

ሰሞኑን እትዬ ጥሩወርቅ አጥር ላይ ልብስ ሲያሰጡ፣ ከአንገታቸው ማተብ ላይ ከመስቀሉ ጎን አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ተጠጋሁ። ፍላሽ ነው። ሰይድ ሱቅ ያለው ዓይነት፣ ቀላሉ፣ እኔ በመዳፌ መዝኜ የጣልሁት።

«የምሕረት ነው?» አልሁ።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ከሌሎቹ አንዱ ነው።»

«ሌሎችም አሉ?»

«አሉ።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ልየው። ልይዘው ብቻ ነው።»

«አልሰጥህም።»

እትዬ ጥሩወርቅ ጎረቤት ሲከለክሉ ያየሁት በዚያ ቀን ነው። ልብስ ማስጣታቸውን ቀጠሉ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አባቷ ነኝ። ከማን ነው የሚደብቁት?»

የያዙትን ልብስ አራግፈው ገመዱ ላይ ጣሉና በርኅራኄ አዩኝ።

«ከሌባ መስሎሃል እንዴ?» አሉኝ። «ሌባ ገብስ ምን ያደርግለታል!»